የ9 ሳምንቷ ጥንቸል ምን ትብላ?

ጥያቄ፦ ለልጆቼ የ9 ሳምንት ጥንቸል ገዛሁ። ሻጩ ካሮትና ጥቅል ጎመን ይበቃታል ስላለኝ እሱኑ እሰጣታለሁ፤ ልጆቹም እንጀራ ያቀምሷታል። ከትናንት ጀምሮ በጠጧ ረጥቧል። መኖ ሻጮች ጋ ብጠይቅ የጫጩት መኖ እንጂ የጥንቸል የለም ተባልኩ። በቀን ምን፣ ምን ያህል ልስጣት? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ በቅድሚያ በጠጡን ይዩት። ጥንቸል ሁለት ዓይነት ትጥላለች። አንደኛው ደረቅና ድቡልቡል ነው። ሌላው ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅና እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ነው፤ ይኸኛውን ራሷ መልሳ ትበላዋለች፣ ቫይታሚንና ፕሮቲን ስለምታገኝበት አይከልክሏት። ቅርጽ አጥቶ ውኃ ከሆነና ጭራዋን ካረጠበ ግን ተቅማጥ ነው። በዚህ ዕድሜ ተቅማጥ ፈጥኖ ይገድላል። ካሮቱን፣ ጎመኑንና እንጀራውን አቁመው፣ ድርቆሽ (የደረቀ ሳር እንጂ የእንጀራ ድርቆሽ አይደለም) እና ንጹሕ ውኃ ብቻ አቅርበውላት ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ይውሰዷት። ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ተባይም ግልገሎችን ስለሚያጠቃ፣ የበጠጥ ናሙና ይዘው ቢሄዱ ይጠቅማል። ሆዷ ይረፍ ብለው ግን አያስርቧት፤ የጥንቸል አንጀት ምግብ ካልገባበት ሥራውን ያቆማል።

የጥንቸል ዋና ምግብ ሳር ነው። ካሮት ስኳር፣ እንጀራ ስታርች ይበዛበታል፤ ሁለቱም አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሚዛን ያናጋሉ። ጥቅል ጎመን ደግሞ ጋዝ ይፈጥራል፣ ጥንቸል ደግሞ ማስታወክ አትችልም።

ስለዚህ ድርቆሽ ቀንም ሌሊትም ከፊቷ አይጥፋ። በቀን ቢያንስ የራሷን ሰውነት የሚያህል ክምር ያስፈልጋታል፤ ብታባክነውም ግድ የለም። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ የሚሞረደው ረጅም ሳር በማኘክ ነው። በጥቅምትና በኅዳር አረንጓዴነቱን ሳይለቅ የታጨደውን ይምረጡ። ክረምት ላይ ሻጋታ የያዘውን ይጣሉት እንጂ አራግፈው አይስጧት። ከፎገራ የሚመጣው የሩዝ ገለባ ርካሽ ቢሆንም ለመኝታ እንጂ ለማሳደጊያ አይሆንም፤ ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ነው።

እያደገች ስለሆነ ከሳሩ በተጨማሪ ፕሮቲንና ካልሲየም ትሻለች። ተቅማጡ ቆሞ ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ፣ አልፋልፋ የተባለውን የመኖ ተክል አድርቀው ወይም አጠውልገው በየቀኑ አንድ እፍኝ ይስጧት። ጠዋት ጠዋት 1 የሾርባ ማንኪያ ፉርሽካ ቢጨመርበት ይበቃል፤ ፉርሽካ ፎስፈረስ ስለሚበዛበት ብቻውን ምግብ አይሆንም። ከ6 እስከ 7 ወር ሲሞላት አልፋልፋውን ቀስ በቀስ ይቀንሱ፤ ትርፍ ካልሲየም በፊኛዋ ውስጥ ጠጠር ይሠራል።

የጫጩት መኖውን ይተዉት። አንዳንዱ ሳሊኖማይሲን ወይም ናራሲን የተባለ የኮክሲዲያ መድኃኒት ይጨመርበታል፤ ለዶሮ መከላከያ የሆነው ለጥንቸል መርዝ ነው።

ቅጠላ ቅጠል 12 ሳምንት ሲሞላት ይጀመር፤ አንድ ዓይነት፣ ከ15 ግራም ያልበለጠ፣ ታጥቦ ውኃው የተንጠፈጠፈ። የካሮት ቅጠል፣ ድንብላል ወይም የስኳር ድንች ቅጠል ጥሩ መነሻ ነው። 3 ቀን በጠጧን አይተው ሌላ ይጨምሩ። የካሮቱ ሥር ከ6 ወር በኋላ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀጭን ቁራጭ ይበቃል። የአቮካዶ ቅጠል፣ የቲማቲምና የድንች ቅጠል፣ ሽንኩርት፣ ጉሎ እና በየአጥሩ የሚታየው የወፍ ቆሎ ጨርሶ አይጠጓት። የጫት ገረባም እንደዚያው፤ አነቃቂ ነው፣ ፀረ ተባይም ሊኖርበት ይችላል።

ውኃ በኪሎ ክብደቷ በቀን ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። በማይገለበጥ የሸክላ ሳህን አድርገው ጠዋትና ማታ ይቀይሩላት።

ጥያቄ፦ ቤታችን ጣና ዳር ነው። ከዳርቻው ሳር፣ ወይም እምቦጭ አጭደን ብንሰጥስ?

መልስ፦ እምቦጭ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ከተበከለ ውኃ ደግሞ ከባድ ብረቶችን ይመጥጣል። ለግልገል አይሆንም። ከብት የሚውልበት ረግረግ ሳርም የጉበት ትል እጭ ይይዛል። ውኃ ከማይተኛበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ውሻ ከማይደርስበትና መድኃኒት ካልተረጨበት አጭደው፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀው ይስጡ። እርጥብ ሳር ቆልለው አይተዉ፤ ከውስጥ ሞቆ ይቦካና ሆዷን ይነፋዋል። ሆዷ ተነፍቶ ወይም 12 ሰዓት ያህል ምንም ሳትበላ ከቆየች፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይፈልጉ።