ስምንተኛ ክፍል የትኛው እርከን ነው? የደሴና የኮምቦልቻ መምህራን ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። የየአገሩ ትምህርት ስለሚወዳደርበት የዩኔስኮ ምደባ፣ ስለ ኢሴድ፣ ጠይቁኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደቀው ከ0 እስከ 8 እርከን አለው። አደራ፦ እርከን ጥራትን አይለካም።

ከሆጤ፦ ጋሼ፣ በድሮው ሥርዓት አንደኛ ደረጃ እስከ 8ኛ ነበር። ጀርመን 4 ዓመት ነው። እንዴት ይወዳደራል?

መልስ፦ ተባረክ፣ ይህችን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ስሙን ይዘህ ካወዳደርክ ትሳሳታለህ። ጀርመን ራሷ በአብዛኛው ግዛት 4፣ በርሊንና ብራንደንቡርግ ደግሞ 6 ዓመት ነው። "አንደኛ ደረጃ የጨረሰ" ብለህ ብትቆጥር የእነሱን የ10 ዓመት ልጅ ከእኛ የ15 ዓመት ጎረምሳ ጋር ታስተካክላለህ። ኢሴድ ይዘቱን ነው የሚያየው። ልጁ ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ የሚይዝበት፣ ብዙውን ጊዜ አንድ መምህር ሁሉንም የሚያስተምርበት እርከን 1 ነው። ፊዚክሱን አንዱ፣ ባዮሎጂውን ሌላው መምህር ሲይዘው ወደ እርከን 2 ተሻገርን ማለት ነው። ለዚህ ነው 7ኛና 8ኛ እዚህ አንደኛ ደረጃ እየተባሉ በዩኔስኮ ሰንጠረዥ እርከን 2 ላይ የነበሩት። አዲሱ 6-2-4 (6 ዓመት አንደኛ፣ 2 መካከለኛ፣ 4 ሁለተኛ ደረጃ) ስሙን ከይዘቱ ጋር አቀራረበው።

ከሰኞ ገበያ፦ ልጄ ሌቭል 4 ጨርሳለች። ኢሴድ 4 ማለት ነው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ አንድ ነው አይባልም። ሌቭሉ የአገራችን የሙያ ደረጃ ነው። ኢሴድ መግቢያውን፣ ይዘቱንና ርዝመቱን ያያል።

ከኮምቦልቻ፦ የ10ኛ ክፍል ፈተና መቅረቱ ግን ጎዳን።

ከፒያሳ፦ ኧረ ምን ጎዳን! ስንቱ ልጅ እዚያው ላይ ቀርቷል።

ከኮምቦልቻ፦ አሁንስ 12ኛ ላይ አይደል የሚቀረው?

መልስ፦ ወገኖቼ፣ የሁለታችሁም ያንገበግባል። ግን ለሌላ ቀን ይሁን።

ከቧንቧ ውሃ፦ የሐኪም ዲግሪ እርከን 6 ነው አይደል? የመጀመሪያ ዲግሪ ስለሆነ።

መልስ፦ እርከን 7። ረጅም የመጀመሪያ ዲግሪ ከማስተርስ ጋር ይመደባል።

ከሳላይሽ፦ የቄስ ትምህርት ቤትና የቁርአን ቤትስ? ወሎ ስንቱን ያስተማሩ ናቸው።

መልስ፦ እውነትሽን ነው፣ እኔም ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው። በመደበኛነት የሚመደቡት የአገሩ ትምህርት ባለሥልጣን እውቅና ከሰጣቸው ነው።

ከአራዳ፦ የየትኛው አገር ትምህርት ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ ብያለሁ። እርከን ጥራትን አይለካም።

ከሮቢት፦ እሺ፣ ፊንላንድ በስንት እርከን ትበልጠናለች?

መልስ፦ አገር እርከን የለውም! እርከን ያለው ፕሮግራሙ ነው። እባካችሁ፣ ከመጠየቃችሁ በፊት ለሆጤው ልጅ የመለስኩትን አንብቡ።