ሥዕሉ የተሰነጠቀው ቲሸርት

ጥያቄ፦ አንድ ሠዓሊ የነደፈው፣ በስክሪን (ቀለም በወንፊት መሰል ጨርቅ አሳልፎ በማተም) የታተመ ቲሸርት ገዝቼ ሦስቴ እንዳጠብኩት ሥዕሉ መሰንጠቅ ጀመረ። ጥፋቱ የእኔ ነው? የሰበሰብኳቸውን ሌሎች እንዲህ ያሉ ቲሸርቶችስ እንዴት ላቆያቸው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በሦስት እጥበት ከተሰነጠቀ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሕትመቱ ነው፤ ቀለሙ አልበሰለም። ፕላስቲሶል የሚባለው፣ በሙቀት የሚጠነክር የፕላስቲክ ቀለም ውፍረቱ በሙሉ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልደረሰ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። በጣት ሲነኩት ግን የደረቀ ይመስላል። ስለዚህ ሌላ ሲገዙ ሻጩን አስፈቅደው ሥዕሉን በሁለት እጅ ቀስ አድርገው ይሳቡት፤ የበሰለው ተስቦ ይመለሳል፣ ጥሬው ይሰነጠቃል። አንዴ የተሰነጠቀ አይድንም። ገና ያልተሰነጠቀውን አታሚው በሂት ፕሬስ (እኩል እያሞቀ በሚጫን ማሽን) ደግሞ ሊያበስለው ይችላል፤ የቤት ካውያ ሙቀቱ እኩል ስለማይሆን አይሞክሩት።

ገልብጠው በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡ፤ በረኪና አያስጠጉ፣ አጥብቀውም አይጭመቁ። የደብረ ብርሃን ብርድ አያዘናጋዎት፤ በዚያ ከፍታ ፀሐይዋ ቀለም ታነጣለች፣ ጥላ ላይ ያስጡት። በክረምት ጉም ልብሱ እርጥበት ይዞ ከታጠፈ ይሻግታል።

መስቀያ አንገቱን ስለሚያሰፋው አጥፎ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ሥዕል ከሥዕል እንዳይጣበቅ መሃሉ ነጭ ወረቀት ያድርጉ። የሠዓሊውን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና ስንት ቅጂ እንደታተመ ጽፈው አብረው ያኑሩ፤ ይህ የሌለው ስብስብ ውሎ አድሮ ተራ ልብስ ይሆናል።