ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ለምን «ናን» ይላል?

ደብረ ብርሃን የሚያስተምሩ አንባቢ እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦ «ከሳይንስ ክበብ ተማሪዎቼ ጋር አርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ላይ የአየር ግፊት ሴንሰር ገጥመን በየ10 ደቂቃው እናነባለን። የ24 ሰዓቱ አማካይ ደህና ነው። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ (ንባቦቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካው) ግን አንዴ 0፣ አንዴ ‹ናን› (ቁጥር አይደለም) ይላል። ሴንሰሩን እንቀይረው? ወይስ የምናሰላበትን ጊዜ ወደ 6 ሰዓታት እናሳጥረው?»

መምህር፣ ሴንሰሩን አይንኩት፤ ደህና ነው። የላኩልኝን ኮድ አይቼዋለሁ፤ ችግሩ ያለው ቀመሩ ላይ ነው።

የንባቦቹን ድምርና የካሬዎቻቸውን ድምር ይይዛሉ፤ ከዚያ ከካሬዎቹ አማካይ ላይ የአማካዩን ካሬ ይቀንሳሉ። ይህ አቋራጭ ወረቀት ላይ ትክክል ነው። ኡኖ ላይ ግን ጉድ ያፈላል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቱ 72,000 ፓስካል አካባቢ ነው። ካሬው ከ5 ቢሊዮን ይበልጣል። በነባሩ ኡኖ (አር3) ላይ «ፍሎት» የተባለው የነጥብ ቁጥር ዓይነት 4 ባይት ስለሆነ በትክክል የሚይዘው 7 አሃዝ ያህል ብቻ ነው። ሰፋ ያለውን ዓይነት «ደብል» ብለው ቢጽፉም እዚያ ያው 4 ባይት ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። 5 ቢሊዮን አካባቢ አንዱ ፍሎት ከሚቀጥለው በ512 ይርቃል። የ144 ንባቦች ካሬ ሲደመር ደግሞ ርቀቱ 65,536 ይደርሳል። ግፊቱ በቀን የሚዋዥቀው ግን በመቶዎች ፓስካል ነው። ሁለቱ የተጠጋጉ ግዙፍ ቁጥሮች ሲቀናነሱ ያ ትንሽ ልዩነት ተውጦ ይቀራል። አንዳንዴ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የኔጌቲቭ ስኩዌር ሩት ሲጠየቅ ቦርዱ «ናን» ይላል። አማካዩ የተረፈው የንባቦቹ ድምር 10 ሚሊዮን ገደማ ስለሆነ ነው፤ ያንን ፍሎት ይችለዋል።

ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ትተው ልዩነቱን ይያዙ። የመጀመሪያውን ደህና ንባብ መነሻ ያድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ንባብ ሁሉ እሱን ቀንሰው ያስቀምጡ። 72,000ን ኮዱ ውስጥ በቋሚነት አይጻፉት፤ ነገ መሣሪያውን ሸዋ ሮቢት ቢወስዱት ግፊቱ ሌላ ነው። ልዩነቱ በ2 ባይት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ይገባል። 144ቱ ንባብ 288 ባይት ብቻ ይወስዳል፤ የኡኖ ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) 2,048 ባይት ስለሆነ አይጨናነቅም። ንባቦቹ የተደረደሩበት አሬይ ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ቦታ ይተኩ። በየ10 ደቂቃው መጀመሪያ አማካዩን፣ ቀጥሎ ከአማካዩ ያለውን ርቀት ካሬ ድምር እንደ አዲስ ያስሉ። 144 ቁጥር ሁለት ጊዜ ማለፍ ለኡኖ ምንም አይደለም። እዚህ ላይ የተራቀቀ ዘዴ አያስፈልግዎትም።

የወቅቱን ሁሉ ስሌት ከፈለጉ ግን ንባቡን ማከማቸት አይቻልም። ለዚህ ዌልፎርድ የሚባል ሰው በ1962 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ዘዴ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው ነው። የሚይዘው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። ስሞቹን በአማርኛ አድርጌያቸዋለሁ፤ ኮዱ ውስጥ በላቲን ይተኳቸው።

ብዛት = ብዛት + 1
ልዩነት = ንባብ - አማካይ
አማካይ = አማካይ + ልዩነት / ብዛት
ክምችት = ክምችት + ልዩነት * (ንባብ - አማካይ)

አራተኛው መስመር ላይ ያለው «አማካይ» አዲሱ ነው፤ ቅደም ተከተሉን እንዳያዛቡ። ቫሪያንሱ ክምችት / (ብዛት - 1) ነው፤ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ የእሱ ስኩዌር ሩት ነው። ከመነሻው በላይ 0፣ 100 እና 200 ቢያስገቡ አማካዩ 100፣ ክምችቱ 20,000፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 100 መውጣት አለበት። ተማሪዎቹ መጀመሪያ በእጃቸው ይሥሩት።

ጊዜውን ወደ 6 ሰዓታት አያሳጥሩት። በእኛ ሰማይ የአየር ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጠዋትና ማታ 4 ሰዓት ገደማ ይወጣል፣ 10 ሰዓት ገደማ ይወርዳል። 6 ሰዓታት ቢወስዱ የሚያገኙት መውጫውን ወይም መውረጃውን ብቻ ነው። አማካዩ ያለ አየር ለውጥ ሲዋልል ይውላል። 24 ሰዓት ግን ዑደቱን ሙሉ ይይዛል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሴንሰሩ አንድ ጊዜ «ናን» ከመለሰና ዌልፎርድ ውስጥ ከገባ ዳግም አይወጣም፤ ሳያስገቡ በፊት ይፈትሹት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ነገር ከራም ይሰረዛል። ስለዚህ መነሻውንና ሦስቱን ቁጥሮች ኢኢፕሮም (መብራት ሲጠፋ የማይሰረዘው የቦርዱ ማህደረ ትውስታ) ላይ ያስቀምጡ፤ 16 ባይት ይበቃቸዋል። ግን በየ10 ደቂቃው አይጻፉ። አንድ የኢኢፕሮም ቦታ ዋስትና ያለው 100,000 ጊዜ ለመጻፍ ነው፤ በቀን 144 ጊዜ ከጻፉበት ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። በሰዓት አንዴ ከሆነ ከ11 ዓመት በላይ ይሄዳል።