ዋጋው «ተመሰጠረ» ወይስ «ታሸገ»?

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ጨረታ ሕግጋትና ስለ ክሪፕቶግራፊ (መረጃን በምስጢር የመጠበቅ ሙያ) ነው። በአማርኛው ማጠቃለያ ላይ «ተጫራቹ ዋጋውን አመሰጠረ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «አሸገ» በል አለኝ። ለውጥ አለው?

መልስ፦ አለው፤ በእርስዎ ጽሑፍ ውስጥማ ትልቅ ለውጥ አለው።

መጀመሪያ «አመሰጠረ»ን እንይ። የቤተ ክህነት ሊቃውንት አንድን ቃል «ሲያመሰጥሩት» የተሰወረውን ትርጉም እያራቀቁ ያወጡታል። ኮምፒውተሩ ግን የተገለጠውን ይሰውራል፤ የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ እኔ «መሰጠረ፣ ምስጠራ» ማለትን እመርጣለሁ። በዚህ ሙያ «አመሰጠረ» የሚሉም ብዙ ናቸው፤ ስህተት ነው አልልም።

አሁን ወደ «አሸገ»። በጋዜጣ የጨረታ ማስታወቂያ ላይ «በሰም በታሸገ ኤንቨሎፕ» የሚል አንብበው ያውቃሉ። ሰሙ ሁለት ሥራ አለው። ሌላ ሰው ዋጋውን እንዳያይ ይከለክላል። ባለዋጋውም በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ቁጥሩን እንዳይነካ ይይዘዋል። ምስጠራ ግን የመጀመሪያውን ብቻ ሰጥቶ ሊቀር ይችላል።

በትንሽ ቁጥር ላሳይዎ። ዋጋዬ ላይ የምስጢር ቁልፍ ደምሬ 7 ብዬ ላክሁልዎ እንበል። ቁልፉን ካላወቁ ዋጋውን በምንም መንገድ አያገኙትም። ሲመቸኝ «ቁልፌ 2 ነበር፣ ዋጋዬ 5 ነው» እላለሁ። ሳይመቸኝ ሲቀር «ቁልፌ 4 ነበር፣ ዋጋዬ 3 ነው» ብል ማን ያጋልጠኛል? ድምሩ እንደ ሰዓት ቁጥር እየዞረ የሚቆጠር ከሆነ፣ ቁልፉም በዘፈቀደ ተመርጦ አንዴ ብቻ ከዋለ፣ የዚህ ዓይነቱ ምስጠራ ፍጹም መሆኑን የሒሳብ ሊቁ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ አረጋግጧል። ምስጢሩ ፍጹም ነው፤ ዋጋው ግን አልታሸገም።

የጨረታው ሕግ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዊልያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ባጠናው ጨረታ የሚያሸንፈው ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠ ነው፤ የሚከፍለው ግን ሁለተኛውን ዋጋ ነው። 900 ሺህ፣ 800 ሺህና 700 ሺህ ብር ቢቀርብ አሸናፊው 800 ሺህ ይከፍላል። በዚህ ሕግ ሰው የልቡን ዋጋ ቢጽፍ አይጎዳም፤ ውበቱም እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን አጫራቹ አስቀድሞ ካየ፣ 890 ሺህ የሚል የሐሰት ዋጋ ጣል አድርጎ አሸናፊውን 90 ሺህ ሊያስጨምረው ይችላል። ዋጋው በአጫራቹ ቁልፍ «ተመስጥሮ» ከሆነ፣ ቁልፉ በእጁ ነውና ማን ይከለክለዋል? «የታሸገ» ከሆነ ግን የሚከፍተው ባለዋጋው ራሱ ነው።

በሙያው «ኮሚትመንት» የሚባለው ይህ ማሸግ ነው። አንዳንዶች «ቃል መግባት» ብለው ይተረጉሙታል፤ እኔ አልስማማም። ቃል ይታጠፋል፤ እዚህ ግን ማጠፍ እንዳይቻል ነው የተለፋው።

ስለዚህ ጓደኛዎ ልክ ነው። «ተጫራቹ ዋጋውን አሸገ፤ የማቅረቢያው ጊዜ ሲያበቃ ከፈተ» ብለው ይጻፉ። የተመሰጠረ ይፈታል፤ የታሸገ ይከፈታል፤ ግሶቹን አይቀላቅሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 የዴንማርክ ስኳር ቢት (ስኳር የሚወጣበት ሥር) አምራች ገበሬዎች የማምረት መብት ሲገበያዩ፣ የእያንዳንዳቸው ዋጋ ለማንም ሳይገለጥ የገበያው ዋጋ ብቻ ወጥቷል። ጽሑፍዎ እንዲህ ያለውን ከጠቀሰ «ተከፈተ» አይሆንም። «ዋጋዎቹ እንደተሰወሩ ተሰሉ» ይበሉ።