ነሐሴ ላይ ሄዳችሁ ቆፍሩ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው የከተማ ፕላን ወይም ቅየሳ ተምራችሁ በጎጃም ከተሞች ሥራ ለጀመራችሁ ነው። ደጀን ያላችሁ፣ ሞጣ ያላችሁ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደብረ ማርቆስ ያላችሁ። አንድ ቀን ኃላፊያችሁ ይጠራችሁና «የመቃብር ቦታው ሞልቷል፤ ማስፋፊያ አጥኑ» ይላችኋል። ማንም የማይሻማበት ሥራ ነው። ወጣት ባለሙያ አደባባይና ስታዲየም መንደፍ ነው የሚያምረው። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። ስለዚህ ሥራው ሲሰጠኝ ቶሎ ልገላገለው ፈለግሁ። ያ ጥድፊያዬ ሰው ጎዳ።

ቦታውን ያየሁት በሚያዝያ ነው። ከከተማው ዳር ያለ ሰፊ ሜዳ ነበር። ለመንገድ ቅርብ ነው። ሰብል የለበትም፤ ከብት ብቻ ይግጥበታል። የካሳው ወጪ ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ደስ አለው። ቀያሽ ይዤ ሄጄ በሁለት ቀን ለክቼ ተመለስኩ። መሬቱ ያኔ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። ስንጥቁ እጅ ያስገባል። አየሁት፣ ግን ምን እንደሚለኝ አልጠየቅሁትም።

ጎጃም ውስጥ ገበሬ መሬት በዋዛ አይተውም። ዳገቱን እንኳ ያርሰዋል። ታዲያ ከተማ አጠገብ ያለ ሜዳ ሳይታረስ ለግጦሽ ከቀረ ምክንያት አለው። ክረምት ውኃ ይተኛበታል። ይህን ከብት የሚጠብቀው ልጅ ያውቅ ነበር። እኔ አልጠየቅሁትም።

የመጀመሪያው ቀብር ነሐሴ ላይ ሆነ። ሳጥኑ ደርሷል፣ ካህናቱ ደርሰዋል፣ ለቀስተኛው ጋቢውን ተከናንቦ ዝናብ ውስጥ ቆሟል። ጉድጓዱ ግማሽ ድረስ ውኃ ሞልቶት ነበር። ወጣቶቹ በተቆረጠ ጀሪካን ይቀዳሉ፤ በቀዱት ልክ ከጎኑ ይመነጫል። እንዲህ አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። የሟች ባለቤት ወደ እኔ ዞር አሉና «ልጄ፣ ውኃ ውስጥ ልትጨምሩት ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። መጨረሻ ላይ ጭራሮና ድንጋይ ተደርጎ ተቀበረ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ዛሬም ከባድ ዝናብ ሲዘንብ ድምፃቸው ይመጣብኛል።

እንግዲህ ያኔ ማወቅ የነበረብኝን ልንገራችሁ። ጥቁሩ አፈር፣ ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው፣ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሐውልት ብታቆሙበት ያዘነብላል፣ ይሰነጠቃል። ውኃ ስለማያሳልፍ አየር አይገባበትም። አየር በሌለበት ደግሞ አስከሬን በጊዜው ወደ አፈርነት አይመለስም። ቀዩ አፈር ያንጠፈጥፋል፤ ለመቃብር የሚሻለው እሱ ነው። ችግሩ ቀዩ አፈር ለእርሻም ጥሩ መሆኑ ነው። ስለዚህ ገበሬው በቀላሉ አይሰጣችሁም፤ መብቱም ነው። ከእሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ መነጋገር፣ ተገቢውን ካሳ ማስከፈል፣ ከሁሉም በላይ አለመቸኮል ያስፈልጋል። ርካሽ ሜዳ ላይ የተቆጠበው ብር በኋላ ሦስት እጥፍ ሆኖ ይወጣል።

ደብረ ማርቆስ በዓመት 1300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል። አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ በበጋ የተጠና ቦታ ግማሽ ጥናት ነው። ነሐሴ ላይ ሂዱ። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ሦስት ሜትር የሚጠልቅ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩ። ሕፃንና ከብት እንዳይገባበት እጠሩት። ጥቂት ቀን ተዉትና ድንጋይ የታሰረበት ገመድ አውርዳችሁ የውኃውን ከፍታ ለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ ከመቃብሩ ወለል እስከ ከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ 1 ሜትር እንዲኖር ይመክራል። ሰው ከሚጠጣበት ጉድጓድ ወይም ምንጭ 250 ሜትር፣ ከሌላ ምንጭና ወንዝ 30 ሜትር መራቅ አለበት ይላል። የእኛ ከተሞች ቧንቧ ሲጠፋ ሰው ወደ ጓሮ ጉድጓዱ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ የግቢ ጉድጓዶችን ቤት ለቤት ቁጠሩ። ጠበልም እንዳትረሱ። በካርታችሁ ላይ አይታይም፤ ሰው ግን በየቀኑ ይጠጣዋል።

በዓመት የሚቀበረውን ሰው ቁጥር ቢሮ ተቀምጣችሁ አታውጡት። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አለ፤ እሱን ውሰዱ። ግን ዕድሮቹ ዘንድ ሂዱ። የዕድር ጸሐፊ የያዘው ደብተር ማን መቼ እንደሞተና የት እንደተቀበረ ይነግራችኋል። ይህ «የት» የሚለው ዋና ነገር ነው። በእኛ አገር ብዙው ሰው የሚቀበረው በደብሩ ነው። ለምሳሌ መቶ ሺህ ሰው ባለበት ከተማ በዓመት ከሺህ ሰው ስድስት ቢሞት 600 ቀብር ይሆናል። ሲሶው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ቦታ ቢመጣ 200 ነው። መንገዱንና ዛፉን ጨምሮ ለአንድ መቃብር 5 ካሬ ሜትር ብትይዙ በ30 ዓመት 3 ሄክታር ትፈልጋላችሁ። ግን ሲሶው ሲሶ ሆኖ አይቀጥልም። የደብር ቅጽሮች እየሞሉ ነው። አንዳንድ ቦታ መቃብሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን እየገባ ወይራውና ጽዱ ይቆረጣል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። እነዚያ ደኖች አንዴ ከሄዱ አይመለሱም። ስለዚህ ደብሮቹ ሲሞሉ የሚመጣውንም ሰው አስቡ።

ደኑን ከሚገፉት ነገሮች አንዱ ሲሚንቶ ነው። ድሮ መቃብር ላይ ድንጋይ ይከመር ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ቦታው ለዚያው ቤተሰብ ይመለሳል። ዛሬ ግን ሲሚንቶ፣ እብነ በረድ፣ የብረት አጥር ነው። የሚያዝን ሰው የሚወደውን ማክበር ቢፈልግ አልፈርድበትም። ነገር ግን የሐውልቱ መጠን የመጀመሪያው ሰው ከመቀበሩ በፊት መወሰን አለበት። ካህናቱ፣ ሼሆቹና የዕድር ዳኞቹ ባሉበት። ሐዘንተኛ ፊት ሜትር ይዞ መከራከር ጭካኔ ነው።

ስለ አቀማመጡም ጠይቁ። ክርስቲያኑ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ይቀበራል። ሙስሊሙ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ ነው፤ ከጎጃም ሲታይ ያ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ የሁለቱም መቃብር ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሆናል። ይህን የነገሩኝ አያ እያልን የምንጠራቸው መቃብር ቆፋሪ ናቸው። ሳጥን በስድስት ሰው ትከሻ እንደሚሄድ፣ መንገዱ ከጠበበ ተሸካሚ መቀያየር እንደማይችል ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው። ጥላ፣ ውኃና መጸዳጃም ይኑር፤ ለቀስተኛ ከሩቅ ነው የሚመጣው።

በጥንቃቄ እንድታዩት የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ወገን የሌለው ሰው። ለቀን ሥራ መጥቶ የሞተ፣ መንገድ ዳር የተገኘ። ማዘጋጃ ቤት ነው የሚቀብረው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጥግ፣ ረግረጉ፣ ቁጥር የሌለው ቦታ ነው። አንድ ወጣት ወንድሙን ፍለጋ መጥቶ «የት ነው ያረፈው?» ሲል ማንም ሊያሳየው ሳይችል ቀርቶ አይቻለሁ። ሜዳውን በሙሉ አጎንብሶ ሳመው። እባካችሁ ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡ፤ የተቀበረበትን ቀን፣ የለበሰውን ልብስ፣ ያገኘውን ሰው መዝግቡ። ቦታውንም ደረቅ አድርጉለት።

ለማስፋፊያ በመረጣችሁት መሬት ላይ የቆየ መቃብር ካለ ሽማግሌዎቹ ይነግሯችኋል። ደንብ ቁጥር 135/1999 ለሚነሳ መቃብር ካሳ ሲሰላ ሐውልት ማንሻውን፣ ሌላ ቦታ ማዘጋጃውን፣ አስከሬን ማዛወሪያውንና የሃይማኖትና የባህል ሥርዓቱን ወጪ እንዲያካትት ደንግጎ ነበር። እኔ ግን ከተቻለ አታንሱ እላለሁ። መስመሩን አዙሩት።

የዚያ ሜዳ ነገር እንዲህ ሆነ። በጥቅምት የሟች ባለቤት ቢሮ ድረስ መጡ። ወደ ሜዳው ይዣቸው ሄድኩ፤ ስሕተቱ የእኔ መሆኑንም ነገርኳቸው። ብዙ አልተናገሩም። «ለሚመጡት አስተካክሉት» ብቻ አሉ። በላይ በኩል ውኃ የሚቀለብስ ጥልቅ ቦይ አስቆፈርን። አዲሱን ማስፋፊያም ወደ ቀዩ አፈር፣ ወደ ተዳፋቱ አዞርነው። ድንበሩ ላይ ወይራና ጽድ ተከልን።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ነሐሴ ሲገባ እሄዳለሁ። ዘንድሮም ሄጄ ነበር። ቦዩ እስከ ግማሹ ደለል ሞልቶት አገኘሁት። ከጥበቃው ጋር አካፋ ይዘን እስከ ቀትር ጠረግነው። ታችኛው ጫፍ ግን ገና አላለቀም፤ እዚያ ቅርብ ያለ ወጣት ባለሙያ ካለ ቅዳሜ ጠዋት አካፋውን ይዞ ይምጣ።