የሚመጣው ውርጭ አይደለም፣ ነፋስ ያለው ብርድ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከዳላስ በስተምሥራቅ ገጠር ውስጥ 18 ፍየሎችና 25 ዶሮዎች አሉኝ። ሦስቱ ፍየሎች ሰሞኑን ይወልዳሉ። ዜናው በሚቀጥለው ሳምንት የአርክቲክ ብርድ ይገባል እያለ ነው። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ስለሆነ ውርጭ አውቃለሁ። ጎመኔን እንደ አገር ቤት ጭስ አጭሼ ላድነው? ፍየሎቹንስ ጋጣውን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ እህል ልጨምርላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ በጊዜ ጠየቅሽ፣ ገና ጥቂት ቀን አለሽ። ግን ደብረ ብርሃን ያየሽውን ውርጭ ለጊዜው እርሺው። የደጋው ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ነፋስም ሳይኖር ነው። መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል፣ ቀዝቃዛው አየር ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ሊነጋ ሲል ቅጠሉ ነጭ ይሆናል። ፀሐይ ስትወጣ አበቃ።

አንቺ ጋ የሚመጣው ግን ነፋስ ያለው ነው። በሰሜን ዋልታ ላይ ከፍ ብሎ የሚዞረው ነፋስ ሲዳከም ወይም ሲዛባ፣ እዚያ ታፍኖ የቆየው ብርድ በካናዳ አድርጎ ወደ ደቡብ ሊፈስ ይችላል። ከካናዳ እስከ ቴክሳስ ደግሞ ሜዳ ነው፣ መንገዱን የሚዘጋ ተራራ የለም። ስለዚህ ጠዋት በሹራብ የወጣሽበት ቀን ማታውን በረዶ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ፌብሩዋሪ 16 ቀን ዳላስ አካባቢ ከዜሮ በታች 2 ፋራናይት ደርሶ ነበር፣ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 19 ማለት ነው። ፀሐይ ወጥታም በረዶው ለቀናት አልቀለጠም። እንዲህ ባለ ነፋስ ውስጥ ጭስሽ ወደ ጎረቤት ነው የሚሄደው።

ትንበያውንም እንዴት እንደምታዪው ልንገርሽ። ከስድስት እስከ አሥር ቀን የሚያሳየው ሰማያዊ ካርታ የሚነግርሽ ከወትሮው የመቀዝቀዝ ዕድሉን ነው እንጂ ስንት ዲግሪ እንደሚሆን አይደለም። ዲግሪውና ነፋሱ የሚታመኑት የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ላይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ከ2024 ጀምሮ ስያሜዎቹን ቀይሯል፣ ድሮ የዊንድ ቺል (ነፋስ የሚያብሰው ብርድ) ማስጠንቀቂያ ይባል የነበረው አሁን ኤክስትሪም ኮልድ ዋርኒንግ (የከባድ ብርድ ማስጠንቀቂያ) ሆኗል። እኔ ግን ከዲግሪው በፊት የማየው ዝናቡን ነው። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ካካፋና ፍየሎቹ ከረጠቡ፣ ዋናው አደጋ እሱ ነው። ፀጉሯ የደረቀና ከነፋስ የተከለለች ጤነኛ ፍየል ብዙ ብርድ ትችላለች። የረጠበች ግን በቀላል ብርድም ትወድቅብሻለች። ስለዚህ ደመናው ሲጠቁር ሳይዘንብ አስገቢያቸው።

ጋጣውን ጥርቅም አድርገሽ እንዳትዘጊው፣ እለምንሻለሁ። በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ በኩል ከታች እስከ ፍየሏ ቁመት ድፈኚ፣ ከላይ ጣሪያው ሥር ግን ክፍት ተዪ። ትንፋሽና ሽንት ታፍኖ ሲቀር የሳንባ ምች ያመጣል። ገብተሽ ተንበርከኪና በእነሱ ቁመት አሽቺ፣ አፍንጫሽን ከቆረጠሽ አየሩ ታፍኗል። ከሥራቸው ደረቅ ጭድ ወፈር አድርገሽ ጎዝጉዢ። በየቀኑ አትጥረጊው፣ ከላይ ደረቅ እየጨመርሽ ሂጂ።

እህሉን በተመለከተ፣ ሁላችንም ሲበርድ ጠንከር ያለ ነገር ማብላት እንወዳለን፣ ለፍየል ግን ሙቀት የሚሰጣት ድርቆሽ፣ ማለትም የደረቀ ሣር ነው። ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ድርቆሹ ሲብላላ ሌሊቱን ሙሉ ከውስጥ ያሞቃታል። ማታ ማታ ጥሩ ድርቆሽ እስኪተርፋት ስጪያት። እህል በድንገት ከበዛባት ጨጓራዋ ይኮመጥጥና በብርዱ ላይ ሌላ በሽታ ይሆንብሻል። ውኃም አትርሺ። ውኃው በረዶ ከሆነ አይጠጡም፣ ካልጠጡ ደግሞ መብላት ያቆማሉ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለብ ያለ ውኃ አቅርቢ። ለፋሲካ የምታቆያቸው ሙክቶች ካሉማ በደንብ ተከታተያቸው፣ ውኃ ሲያንሳቸው ሽንት ቧንቧቸው ላይ ጠጠር ይይዛቸዋል። ሙክት ሲያምጥ አይተሽ ሽንት ካልወጣው እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ሐኪም ጥሪ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፣ ሦስቱ ሊወልዱ የደረሱት። ለብቻ ክፍል አድርጊላቸው፣ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እያቸው። ግልገሉ እንደወደቀ በደረቅ ፎጣ እሺው፣ ጆሮውን በተለይ፣ እርጥብ ጆሮ ቶሎ በረዶ ይመታዋል፣ ጫፉም ይረግፋል። እትብቱን አዮዲን ንከሪው። እንገሩን በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይጥባ። ጣትሽን አፉ ውስጥ አስገቢ፣ አፉ ከቀዘቀዘ በቴርሞሜትር ለኪው። ደህናው 102 ፋራናይት አካባቢ ነው። ከ100 በታች ከሆነ መጀመሪያ አሙቂው፣ እንገሩ ከዚያ በኋላ ነው። የቀዘቀዘ ግልገል ወተት መፍጨት ስለማይችል ይታመምብሻል፣ ይህንን ብዙ ሰው ከርኅራኄ ብዛት ይሳሳተዋል።

ለማሞቅ ብለሽ ከሰል ግን ጋጣም ቤትም አታስገቢ። ጄኔሬተርም ውጭ ይሁን፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ። በ2021 ቴክሳስ ውስጥ በብርዱ ሳይሆን በጭሱ የሞቱ ሰዎች ነበሩ። የማሞቂያ አምፖል ከተጠቀምሽም በገመዱ ብቻ አታንጠልጥዪው፣ ጭድ ላይ ከወደቀ ጋጣው ይነዳል።

ዶሮዎቹ ይብዛም ይነስም ራሳቸውን ይችላሉ። ሰፋ ያለ ቆጥ ይኑራቸው፣ እግራቸውን በላባቸው ሸፍነው እንዲተኙ። አናታቸው ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ የሚጎዳው እርጥበት ነው፣ እነሱንም አታፍኛቸው።

ጎመኑ ቀላል ብርድ ይችላል። ከአንድ ቀን በፊት አጠጪው፣ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። ብርድ ልብስ አልብሺውና ጫፉን ነፋስ እንዳያነሣው በድንጋይ ያዢው፣ ፕላስቲክ ግን ቅጠሉን አይንካ። ትንበያው እንደ 2021 ከሆነ ጨርቅም አያድነውም፣ ቀድመሽ ልቀሚና ቀቅለሽ ፍሪዘር አስገቢ። በአበባ ማስቀመጫ የተከልሽው ጌሾ ካለሽ ጋራዥ ይግባ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ግን ጭድ ጣል አድርገሽበት እዚያው ተዪው።