ቴርሞሜትሩ 101.3 አለኝ፤ ልደንግጥ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የ2 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። እህቴ ከአሜሪካ ቴርሞሜትር ልካልኝ ነበር። ትናንት ማታ ልጄን ሲያተኩሰው ብብቱ ስር ባደርግለት 101.3 አለ። ክው አልኩ! ጤና ጣቢያ ሲለኩት የምሰማው 37 ወይም 38 ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ መሣሪያው ደህና ነው። ልጅዎ ግን ትኩሳት አለበት። 101.3 ፋራናይት በእኛ 38.5 ሴልሺየስ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሙቀት የሚለካው በፋራናይት ነው። እኛና አብዛኛው ዓለም ደግሞ በሴልሺየስ እንለካለን፤ ብዙ ሰው ሴንቲግሬድ የሚለው ማለት ነው። በሴልሺየስ ውሃ በ0 ይረጋል፣ በ100 ይፈላል። በፋራናይት በ32 ይረጋል፣ በ212 ይፈላል። የሚገርመው፣ ስዊድናዊው ሴልሺየስ እ.ኤ.አ. በ1742 መለኪያውን ሲያወጣ መፍያውን 0፣ መርጊያውን 100 ብሎት ነበር። የተገለበጠው በኋላ ነው። ኬልቪን የሚባልም አለ። በእሱ ቢለኩት ጤነኛ ሰው 310 ይሆናል፤ ለትኩሳት ግን ማንም አይጠቀምበትም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ከፋራናይቱ ላይ 32 ይቀንሱ፣ የቀረውን ለ1.8 ያካፍሉ። ግን ሌሊት ልጅ ታቅፎ ማን ሂሳብ ይሠራል? ይህችን ወረቀት ላይ ጽፈው መድኃኒት የሚያስቀምጡበት ቦታ ይለጥፏት፦ 98.6 ማለት 37፣ 100.4 ማለት 38፣ 102.2 ማለት 39፣ 104 ማለት 40።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የእርስዎ ድንጋጤ ሳይሆን ተቃራኒው ነው። አንዲት እናት የልጇ ሙቀት 39.4 ሆኖ ሳለ ሁለት ቀን ቤት ቆይታ መጣች። ውጭ አገር ያለች ዘመዷ በስልክ «ከ100 በታች ከሆነ አትስጊ» ብላት ነበር። ዘመዷ ያወራችው ስለ ፋራናይት ነው፣ እናትየው ያነበበችው ሴልሺየስ። ስለዚህ ለማንም ሲናገሩ ቁጥሩን ብቻ አይጥሩ። አጠገቡ ያለው ፊደል «ሲ» ነው ወይስ «ኤፍ»? የትስ ነው የለኩት? ብብት ከውስጥ ሙቀት ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ እዚያ 37.5 ከሆነ ትኩሳት እንላለን።

አሁን ልጁን ይዩት። ይጠጣል? ይጫወታል? ቀለል ያለ ልብስ ያልብሱት፣ ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ ይስጡት። ፓራሲታሞል የሚሰጠው በኪሎው ልክ ስለሆነ መጠኑን ባለሙያ ይንገርዎት። በአልኮል ወይም በቀዝቃዛ ውሃ አይሹት። ካንቀጠቀጠው፣ የበላውን ሁሉ ካስታወከ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም አተነፋፈሱ ከከበደ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ወባ ያለበት አካባቢ ሰንብታችሁ ከሆነም ዛሬውኑ ደሙ ይመርመር። ይህ ሁሉ ባይኖርም ትኩሳቱ ነገ ካልለቀቀው ይምጡ። ከ3 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን 38 ከደረሰ ምንም አይጠበቅም፤ ወዲያው ነው የሚኬደው።

ብዙዎቹ ዲጂታል ቴርሞሜትሮች ቁልፉን ተጭነው ሲያቆዩት ወደ ሴልሺየስ ይቀየራሉ። አብሮት የመጣውን ወረቀት ይዩ። ከቀየሩት በኋላ የራስዎን ብብት ይለኩ፤ ደህና ከሆኑ 36 ከምናምን ሊያሳይዎት ይገባል።